ሰባ አንድ ዲግሪ

ጋሼ የሞቱት የሥራ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነው። ፊታቸው ቀላ ብሎ፣ ደክሟቸው ሸለብ ያደረጋቸው ይመስሉ ነበር። ከቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት የደረሰችው እህታቸው እንኳ መጀመሪያ ቀስ ብላ ነበር የጠራቻቸው።

«የጄኔሬተር ጭስ ነው» አለ ሐኪሙ።

ጄኔሬተሩ የሚቀመጠው ከኮምፒውተር ጥገና ክፍሉ ጋር በር በሌለው መተላለፊያ በተያያዘች ጠባብ ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። ጭሱ የሚወጣው በጓሮ መስኮት ነበር። ያን ቀን ግን የመስኮቱ መዝጊያ ከውጭ ተቀርቅሮ ተገኘ። ጋሼ ለዓመታት የብየዳ ጭስ ሲምጉ ኖረው አፍንጫቸው ሽታ መለየት ካቆመ ቆይቷል። ይህን የማያውቅ የቅርብ ሰው የለም።

የጓሮው ቁልፍ በሦስት ሰዎች እጅ ነው፤ በእህታቸው፣ በሸሪካቸውና በጥገና ሠራተኛዋ። በማግስቱ ጠዋት መርማሪዋ ሦስቱንም እዚያው ሱቅ ውስጥ አስቀመጠቻቸው።

«ጄኔሬተሩን ማን አስነሳው?»

«እኔ ነኝ» አለች ጠጋኟ። የሦስት ዓመት ልጇ ጭኗ ላይ ተቀምጣ የሹራቧን ቁልፍ ታኝካለች። «መብራት ስምንት ሰዓት ላይ ጠፋ። መስኮቱን ከፍቼ አስነሳሁት። በስምንት ተኩል ይቺን ላመጣ ወጣሁ፤ በዚያው ወደ ቤቴ ገባሁ።»

«መስኮቱን ስትከፍቺ ማን አየሽ?»

«ጋሼ ናቸዋ!» አለችና የተናገረችው ሲገባት ልጇን እቅፍ አደረገቻት።

በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ካቴናውን ነካ አደረገ። እሱ ወንጀለኛዋን ካገኘ ቆይቷል። ልጅቷ አባት የላትም። እናቷ ዛሬ ከታሰረች ማን ጋ እንደምታድር ያሰበ አልነበረም።

«እርስዎስ?»

«እኔ ሰባት ሰዓት ላይ ለምሳ ወጥቼ እስከ ማታ ቤቴ ነበርኩ» አለ ሸሪኩ። «ከጋሼ ጋር በሰላም ነው የተለያየነው።»

«በሰላም!» አለች እህት። «ጠዋት ሙሉ ስትጨቃጨቁ አልነበር?»

ጭቅጭቁ ስለ ፕሮግራም ነበር። አሥራ ሁለት ኮምፒውተሮች የሕፃናትን ትንፋሽ ሊከታተሉ ለሆስፒታል ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ሊገቡ ነው። ከመግባታቸው በፊት ፕሮሰሰራቸው በሥራ ብዛት ምን ያህል እንደሚግል መፈተን አለበት። ሱቁ ሁለት መፈተኛ ፕሮግራም አለው። «ለስላሳው» ጥቂት ያሠራና ያሳርፋል። «ጨካኙ» እረፍት የሚባል አያውቅም። ሸሪኩ ለስላሳው ይበቃል አለ። ጋሼም በመጨረሻ ሁሉም እየሰማ እሺ አሉ።

«ወንድሜ እሺ ካለ አለመስማማቱ ነው» አለች እህት እንባዋን እየጠረገች።

ሸሪኩ ራሱን ነቀነቀ። «አያችሁ ግትርነት! በዚህች ጠባብ ክፍል ያንን ጨካኝ ይከፍታሉ? ማሽኑ ራሱ እንደ ምድጃ ነው የሚግል። ነፍሳቸውን ይማር እንጂ...»

መርማሪዋ ቀና ብላ አየችው። ወደ ጠጋኟ ዞረች።

«እህቴ፣ ይህን ማሽን አስነሺልኝ። ስንመጣ ጠፍቶ ነበር።»

ጠጋኟ ልጇን እንዳቀፈች በአንድ እጇ ከፈተችው። ፕሮግራሙ ሙቀቱን በየደቂቃው ይመዘግባል።

«ጨካኙ ነው» አለች ተገርማ። «የጀመሩት ስምንት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ነው። ሁላችንም ከሄድን በኋላ።»

«ሙቀቱስ?»

«ሰባ አንድ ላይ ቆሟል። ሰባ አንድ፣ ሰባ አንድ... ዘጠኝ ከአሥር ላይ ሰባ ሦስት። ከዚያ ሰባ ስምንት። ወደ ላይ ነው የሚሄደው። አሥር ሰዓት ላይ ከመጠን በላይ ግሎ ራሱን አጥፍቷል።»

«ሥራው ጨምሮበት ይሆን?»

«አልጨመረም። ማራገቢያውም ፍጥነቱን አልቀነሰም።» ወደ ዕቃ ቤቷ ዞረች። «የክፍሉ አየር ነው የሞቀው። የጄኔሬተሩ ሙቀት መውጫ አጥቶ...»

«መስኮቱ የተዘጋው ያኔ ነው ማለት ነው» አለች መርማሪዋ። «ለስላሳውን ከፍተው ቢሆን ሙቀቱ ከፍ ዝቅ ሲል ውሎ ይህን ሰዓት አንለይም ነበር። ዘጠኝ ከአሥር ላይ አንቺ ትምህርት ቤት ነበርሽ፤ ልጅቷን ስትረከቢ የፈረምሽበትን አይቻለሁ። እህት ጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ነበሩ፤ ሐኪሙን ጠይቄያለሁ።» ወደ ሸሪኩ ዞረች። «እርስዎን ደግሞ ባለቤትዎ በስምንት ተኩል ወጡ ብላኛለች። ጋሼ ጨካኙን የከፈቱት ብቻቸውን ሆነው ነው። እኛ ስንደርስ ስክሪኑ ጨልሞ ነበር። ታዲያ የትኛውን እንደከፈቱ ማን ነገረዎት?»

«ስለማውቃቸው... ገምቼ ነው።»

«ከጓሮ በመስኮቱ አይተው ነው። ማሽኖቹ እንደማያልፉ ያውቁ ነበር፤ ጋሼም ሊያውቁ ነው።»

«ማሽኑ ግሎ እንዲጠፋ ብዬ ነው! ፈተናው እንዲቋረጥ!»

«ጭሱ የማይሸታቸው ሰው ውስጥ እንዳሉ እያዩ ነው የቀረቀሩት።»

ሸሪኩ ወደ በሩ አየ። ፖሊሱ በጠጋኟ አጠገብ አልፎ ወደ እሱ ሄደ።

ጠጋኟ ግን ገና እፎይ አላለችም። ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩትን ኮምፒውተሮች በጣቷ እየቆጠረች ነበር።

«ስምንት ናቸው» አለች። «አራቱስ?»

ሸሪኩ አንገቱን ደፋ። «ሳይፈተኑ ትናንት በማለዳ አስረክቤያቸዋለሁ።»

ጠጋኟ ልጇን አዘለቻት። ወደ ሕፃናቱ ክፍል ስልክ ደወለች፤ የሚያነሳ አልነበረም። ማንንም ሳትሰናበት ሮጣ ወጣች።