ያልተዘጋው ቅንፍ

የምድር ፖስታ እንደ ወትሮው ከምሳ በኋላ ደረሰ። «አዋሽ» ከአስትሮይዶች በረዶ እየቆረጠች ወደ ማርስ የምታመላልስ መርከብ ናት፤ ፖስታዋም የሠራተኛው ደብዳቤ፣ የነዳጁ ሪፖርት፣ የኳስ ውጤት ሳይቀር ባንድ ላይ ተጠቅጥቆ የሚላክ ጥቅል ነው። ጥቅሉ የሚጻፈው በጄሰን ነው። ጄሰን እያንዳንዱን ነገር ስም እየሰጠ በቅንፍ ውስጥ የሚያስቀምጥ ጥንታዊ የመረጃ አጻጻፍ ነው። ለማሽን ይመቸዋል፤ ለሰው ዓይን ግን መነሻና መድረሻው የማይታወቅ አንድ ረጅም መስመር ነው። ይህን መስመር ሰው ወደሚያነበው መልክ መመለስ የመገናኛ ባለሙያዋ የርብቃ ሥራ ነበር።

ጥቁሩ ስክሪን ላይ ትዕዛዟን ጻፈች። ሥራው ጥቅሉን «ወንፊት» ለሚባለው መሣሪያ መስጠት ብቻ ነው፤ ወንፊት ቅንፎቹን እየፈታ እያንዳንዱን ነገር በየራሱ መስመር ላይ ገባ ገባ አድርጎ ይደረድረዋል። ደረደረው። ከታች ግን ያቺ የጠላቻት ቀይ መስመር ብቅ አለች።

ቅንፍ አልተዘጋም።

«አሁንስ አበዛኸው» አለችው ርብቃ፣ የሚሰማት ይመስል።

ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲሁ ነው። የጥቅሉ ራስጌ አርባ ሁለት መልእክት አለ ካለ፣ ወንፊት የሚያወጣው አርባ አንድ ነው። በማግስቱ ብዛቱ ይለወጣል፤ የሚጎድለው ግን ሁሌም አንድ ነው። ያልተከፈተ መልእክት በየቀኑ ከአዲሱ ጋር ተመልሶ ስለሚላክ፣ የጎደለው ያው አንዱ መሆኑን ታውቃለች። ቅንፎቹን ዓይኗ እስኪፈዝ ቆጥራለች። በሌላ መሣሪያ ልትፈታው ሞክራለች፤ ጥቅሉ ከወንፊት በቀር ለማንም አይከፈትም። ለካፒቴኗ ብታመለክት «ያ ሁሉ ከደረሰ አንዱ ቢቀር ምን አለበት?» ተብላ ተሸኘች። የሞተር ክፍሉን ኃላፊ ጋሽ ደምሰውንም ጠይቃቸው ነበር፤ ወንፊትን ድሮ የሠሩት እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን ቆይተው «የእውነት ብልሽት ነው፣ ፈልጊው» አሏት። እሷም ስትፈልግ ከረመች።

ከደረሱት ውስጥ የወንድሟ ደብዳቤ የለም። እናቷ ደሴ ላይ የልብ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ወሩ አልፏል። ወንድሟ ውጤቱን ወዲያው እጽፍልሻለሁ ብሏት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ጭጭ ነው። የጎደለው መልእክት የእሱ ለመሆኑ ቅንጣት አልተጠራጠረችም። ምን ሊል እንደሚችል ማሰብ ስትጀምር ግን ወደ ቅንፍ ቆጠራዋ ትመለሳለች።

ዛሬ ግን በቃኝ አለች። ጥቅሉን ትታ ራሱን ወንፊትን ከፈተችው። በላይ በላዩ የተጠጋገነ አሮጌ ፕሮግራም ነበር፤ ማን ምን እንደጨመረበት ከየመስመሩ ጎን ተጽፏል። መካከሉ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ትዕዛዙ በግልጽ አማርኛ ተብራርቷል፦ «ዓይነቱ መርዶ የሆነ መልእክት ሲመጣ ለሚመለከተው ሰው አታሳይ፤ የማለዳ ሣጥን ውስጥ አስቀምጥ። ምክንያቱን ለጠየቀ ሁሉ ቅንፍ አልተዘጋም በል። ደምሰው።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ቅንፍ የሚባል ችግር ኖሮም አያውቅም። አምና ታፈሰ የሚባለው የመቁረጫ ሠራተኛ የአባቱ መርዶ የተነገረው ወንፊት አስቸግሯት ባመሸ ማግስት እንደነበር ትዝ አላት። በማለዳ ጓደኞቹ ሁሉ ክፍሉ ገብተው ነበር፤ ከየት ሰምተው እንደሄዱ ግን ጠይቃ አታውቅም። ንዴቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ። ወደ ሞተር ክፍል ስትወርድ ደረጃውን እየረገጠችው ነበር።

ጋሽ ደምሰው ፓምፕ ፈትተው በግራሶ ተለውሰዋል። ሲሠሩ የሚያወሩት ስለ ባለቤታቸው ስለ ይመናሹ ነው፤ ሰሞኑን ደግሞ የሚያወሩት ስለ ኩርፊያዋ ሆኗል። ሳያማክሯት ለአንድ ተጨማሪ ጉዞ ስለፈረሙ ደብዳቤ መጻፍ አቁማለች፤ ልጆቹም ለእናታቸው ወግነው ዝም ብለዋል። «ትንሽ ቆይቶ ይወጣላታል» ይላሉ እየሳቁ።

«አሳበዱኝ እኮ ጋሼ» አለች ርብቃ። «የሌለ ቅንፍ ሲያስፈልጉኝ ከረሙ። መልእክቱ የእኔ ነው፤ መስማት ያለብኝም እኔ ነኝ። ማን ደብቁልኝ አለ?»

ጋሽ ደምሰው አልካዱም። ቁልፋቸውን አስቀምጠው በእርጋታ ነገሯት። በመጀመሪያ ጉዟቸው አንድ ልጅ የእህቱን ሞት ተረኛ ሆኖ ብቻውን ከስክሪን ላይ አንብቦ፣ ፈረቃው እስኪያልቅ ማንም ሳያውቅለት እንደተቀመጠ አይተዋል። ወንፊቱን ያን ጊዜ ነው ያስተካከሉት። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው፣ የመርከቧ መብራት ሲደምቅ፣ ሣጥኑን ይከፍታሉ፤ መርዶ ካለም የሰውየውን ወዳጆች ሰብስበው ይሄዳሉ።

«መርዶ እንዲህ በቅንፍና በቅንፍ መካከል ይነበባል እንዴ?» አሉ። «ደግሞ ያንቺ ቢሆን ለእኔ ይታየኝ ነበር። ዛሬ ማለዳም ከፍቼዋለሁ፤ ባዶ ነው። ለዚያ ነው የእውነት ብልሽት ነው ያልኩሽ። ካላመንሽኝ እዚያው ክፈቺው።»

የይለፍ ቃሉን ነግረዋት እጃቸውን ሊታጠቡ ዞሩ። ርብቃ ግድግዳው ላይ ባለው ስክሪን በራሷ ስም ገብታ ሣጥኑን ከፈተችው። ባዶ አልነበረም። ወንፊት አንዲቷን መልእክት በሥርዓት ደርድሮ አቀረበላት።

ዓይነት፦ መርዶ
ለ፦ አቶ ደምሰው
ከ፦ ልጆችህ
ጽሑፍ፦ አባዬ፣ እማዬ

ቀሪውን በእጇ ሸፈነችው።

መጀመሪያ የተሰማት እፎይታ ነበር። እናቴ አይደለችም። ወዲያው ደግሞ በራሷ አፈረች። ሰውየው በየማለዳው በራሳቸው ስም ገብተው ሣጥኑን ይከፍታሉ፤ ወንፊትም የታዘዘውን አክብሮ የሚመለከታቸውን ከእሳቸው ይደብቃል። ይህን ሁሉ ዓመት ለሰው መርዶ ሲያረዱ፣ አንድ ቀን ለእሳቸውም ሊመጣ እንደሚችል አላሰቡትም።

«እህ፣ ምን ይላል?» አሉ ጋሽ ደምሰው ከኋላዋ፣ እጃቸውን በጨርቅ እያደረቁ።

የመጣችው ምንም ነገር ከሰው መደበቅ የለበትም ልትል ነበር። ደረጃውን ስትወርድ ቃላቱን ሁሉ አዘጋጅታለች። አሁን አፏ ላይ የመጣላት ግን ሦስት ሳምንት ስትረግመው የከረመችው ብቻ ሆነ።

«ቅንፍ አልተዘጋም ነው የሚለው፣ ጋሼ።»

ካለችው በኋላ ነው ለማን እንደተናገረች የገባት። ያንን ቃል የመረጡት እሳቸው ናቸው። ጨርቁ እጃቸው ላይ ቆመ። ስክሪኑን የሸፈነ እጇን አዩ፤ ከዚያ ፊቷን አዩ።

«እኔ ኩርፊያ መስሎኝ» አሉ በመጨረሻ።

ርብቃ እጇን ከስክሪኑ ላይ ልታነሣ ስትል ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አይ፣ አሁን አይደለም። ነገ ማለዳ ይሁን። ሰዎቹን አንቺ ጥሪያቸው። ታፈሰም አይቅር።»

ሣጥኑን ዘጋችው። በንዴቷ ልታጠፋው ያሰበችውን ያን የወንፊት ትዕዛዝ አልነካችውም። የወንድሟ ደብዳቤ ገና አልመጣም፤ የሚመጣው ክፉ ከሆነ ግን በየት በኩል እንደሚመጣ አሁን ታውቃለች።

ጋሽ ደምሰው ወደ ፓምፑ ተመልሰው አንዷን ብሎን ለማጥበቅ ደጋግመው ሞከሩ፤ አልገባ አላቸው። ርብቃ አጠገባቸው ተቀምጣ መብራቱን ያዘችላቸው። ፈረቃው እስኪያልቅም ከአጠገባቸው አልተነሣችም። ሁለቱም ያውቃሉ፤ መርዶው ግን ገና አልተነገረም።