ጅብ ያልቀደደው ጋቢ

ኢንስፔክተር ፈንታዬ ሰኞ ዕለት ሬሳ አለ ተብላ ከደብረ ማርቆስ ተጠራች። ከሮብ ገበያ በላይ፣ ወደ ጮቄ በሚወጣው መንገድ ካለችው አንዲት ትንሽ ፖሊስ ጣቢያ ስትደርስ ግን ያሳዩዋት አንድ ጋቢ ነበር። ወፍራም ነጭ ጋቢ ነው፤ ጥለቱ ቀይ፣ መካከሉ ላይ ደም የደረቀበት። ከሰውየው ጅብ ያስተረፈው ጥቂት አጥንት ተሰብስቦ ወደ ሆስፒታል ሄዷል። የጣቢያው ኃላፊ ሳጅን ምስጋናው መዝገቡን ጽፎ፣ ማኅተም መትቶ፣ ቀና ብሎ ጠበቃት። «እንዳላማው ታረቀ፣ ዕድሜ ሠላሳ አራት፣ በጅብ ተበልቶ የሞተ» ይላል። ከእሷ የሚፈልገው ፊርማ ብቻ ነበር።

«ጅቡን ቃሉን ተቀብለኸዋል?» አለችው።

ሳጅኑ የቀለደች መስሎት ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ፈንታዬ የመጽሐፍ መምህር ልጅ ናት፤ ኦሪትን ካባቷ እግር ሥር ሰምታ፣ ሕጉን ደግሞ ካደገች በኋላ ተምራ፣ ሃያ ዓመት በምርመራ ሥራ የቆየች ሴት። ሰነፍ መርማሪ ስታይ የኮመጠጠ ጠላ እንደ ቀመሰ ሰው አፏ ይጣመማል። አሁንም ተጣሞ ነበር።

ምስጋናው ነገሩን አስረዳት። ባለፈው ዓርብ ጠዋት የሟች ታላቅ ወንድም ቢያድግልኝ ገደሉ አፋፍ ላይ ጋቢውን አገኘ፤ ከሥር አጥንቱ ነበር። ጋቢውን ይዞ ካባታቸው ከአቶ ታረቀ ዘንድ ሄደ። ሽማግሌው ዓይናቸው ደካማ ቢሆንም በእጃቸው ዳስሰው የልጃቸው መሆኑን አወቁ፤ «ልጄን አውሬ በላው» ብለው አለቀሱ።

«ልክ እንደ ያዕቆብ» አለ ሳጅኑ፣ መጽሐፍ መጥቀሱ ራሱን ደስ እያሰኘው። «ያዕቆብ የዮሴፍን ቀሚስ አይቶ ልጄን አውሬ በላው ያለው ቃል ተጽፎ የለ? ካባት በላይ ምን ምስክር ይመጣል?»

«ያዕቆብማ ተታለለ። ኦሪቱን እስከ መጨረሻው አንብበኸዋል ወይስ እዚያው ላይ ነው ያቆምኸው?»



«ቀሚሱን ያመጡት እነማን ናቸው? በልጁ የቀኑት ወንድሞቹ። ኤግዚቢቱን ከተጠርጣሪ እጅ ተቀበልህ ማለት ነው። አባትየውን ምን ብለው ጠየቁት? ‹ይህ የልጅህ ቀሚስ እንደ ሆነ እይ።› መልሱን ጥያቄው ውስጥ ከተውለታል፤ ፍርድ ቤት ቢሆን ዳኛው መሪ ጥያቄ ነው ብሎ ይጥለው ነበር። ያዕቆብ ያወቀው ቀሚሱን ነው፤ አውሬውንማ የት አየው? ግምቱን ነው የተናገረው፤ ሁሉም ግን እንዳየ ምስክር ተቀበለው። ደሙ የማን ነው ያለ የለም፤ የፍየል ነበር። ደግሞስ ልጁ ተቦጫጭቆ ቀሚሱ ምነው ደኅና ቀረ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው ይጥፋ?»

ይህን ብላ ጋቢውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። በእጇ ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰችው፤ ወደ መስኮቱ አንሥታ በብርሃን አየችው። አንድ ክር አልተበጠሰም።

«ያንተ ጅብ ጨዋ ነው» አለች። «ጋቢውን አስወልቆ ነው የበላው።»

ደም ካለበት ጥቂት ቆርጣ በዚያው ዕለት ለምርመራ ወደ ባሕር ዳር ላከችው። ፊርማዋን ግን አልሰጠችም።

ይህን ጊዜ ነው ምስጋናው እየተሽኮረመመ ያልነገራትን የነገራት። የእንዳላማው ሚስት የኔአለም የሸማኔ ልጅ ናት። ጅብ በላው ከተባለ ደግሞ ለመንደሩ ጅቡ ማን እንደ ሆነ መጠየቅ አያስፈልገውም፤ ቡዳ ናት፣ ሌሊት ጅብ ሆና ባሏን የበላችው እሷ ናት ተብሏል። አራት ሽማግሌዎች ተቀምጠው መክረው እስከ እሑድ ልጇን ይዛ ካገር እንድትወጣ ወስነዋል። ካልወጣች ቤቷ ይቃጠላል።

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሉሃል እንዲህ ነው። እነዚያ አራት ሽማግሌዎች ፍየል ጠፋብኝ ላለ ሰው ሦስት ምስክር ቁጠር ይሉታል፤ ሴት ጅብ ሆነች ሲባል ግን አንድም አልጠየቁ። ነፍሰ ገዳይ እንኳ በዚያ ሰዓት ሌላ ቦታ ነበርሁ ብሎ ይከራከራል። ቡዳ የተባለ ሰው ምን ብሎ ይከራከር? የትም ቢሆን ሌሊት መጥቶ በላ ነው የሚባለው። ፈንታዬ ይህን እያሰበች ወደ የኔአለም ቤት ሄደች።

የኔአለም ዕቃዋን በሁለት ማዳበሪያ እየከተተች ነበር። የሦስት ዓመት ልጇ ሂዊ አንደኛው ማዳበሪያ ላይ ተቀምጣለች።

«ያለፈው ሐሙስ የት ዋላችሁ?» አለቻት ፈንታዬ።

«ለቅሶ። አክስቴ ወለተ ሚካኤል ሙታ ከወንዝ ማዶ፣ እኛ ሰፈር ቀበርናት። እኔ እስከ ሠልስቱ ቀረሁ። እሱ ለከብቶቹ ብሎ አመሻሽ ላይ ብቻውን ተመለሰ።»

«ለሱ ቤተሰብ ነግራችሁ ነበር?»

የኔአለም አንገቷን ደፋች። «ሸማኔ ሞተ ተብሎ መርዶ ለማን ይነገራል፣ እቴ?»

ፈንታዬ እንዳላማው ጋቢውን እንዴት ለብሶት እንደ ነበር ጠየቀቻት። ለቅሶ አይደለም ወይ፣ ጥለቱን ወደ ላይ ወደ አንገቱ አዙሮ ነዋ አለች የኔአለም፤ ሲለያዩም እሷው ናት ያስተካከለችለት። አዘቦት ቀን ጥለት ወደ ታች ነው የሚወርድ፤ ለሐዘን ጊዜ ነው አንገት ላይ የሚወጣ፤ ለቅሶ የደረሰ ሰው ቤቱ ሳይገባ አይገለብጠውም። ፈንታዬ ማስታወሻዋን ዘጋች። ዕቃሽን ከማዳበሪያው አውጪ አለቻት፤ ሴትዮዋ ግን አላወጣችም።

ጣቢያ የተጠራውን ቢያድግልኝን ለሴት ቃል መስጠት አዋርዶት ነበር። ጥያቄውን ፈንታዬ ትጠይቀዋለች፣ መልሱን ለሳጅኑ ይሰጣል። ጋቢውን እንዴት እንዳገኘው ያለ እንከን ተረከ። ወንድሙ ሐሙስ ዕለት የት እንደ ዋለ ስትጠይቀው ግን ከንፈሩን ሸፈፍ አደረገ።

«አማቶቹ ዘንድ ነዋ። ምን እንደሚሠራ ማን ይጠይቃል? ክር ሲያጠነጥን ይሆናል።»

ትንሹ ወንድም አበባው ሌላ ነው። ገና ሳይጠየቅ ላበው። ሐሙስ ደብረ ማርቆስ ነበርሁ አለ። በምን መኪና ሄድህ ሲባል አያውቅም፤ ማን ዘንድ አረፍህ ሲባል ተንተባተበ። አንድ ነገር ግን ተናገረ፤ አባታቸው የመሬት ይዞታቸውን በእንዳላማው ስም ለማዛወር ባለፈው ወር ቀበሌ ሄደው ነበር። የሚጦራቸው እንዳላማው ነዋ።

አበባው ሲወጣ ምስጋናው እጁን አፋተገ። «ይኸው ነው ገዳዩ። እንዴት እንደ ዋሸ አላዩም?»

«ሰኞ ጅብ ነበር፣ ዛሬ አበባው ሆነ። ነገስ ማንን ልትል ነው?» አለችውና ብቻዋን ወንዙን ተሻግራ ወደ ሸማኔዎቹ ሰፈር ወረደች። እዚያ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የወለተ ሚካኤልን ቃሬዛ እነማን ተሸከሙ? የአራት ሰው ስም ነገሯት። አንዱን ስትሰማ ብዕሯ ቆም አለ።

በሳምንቱ ዓርብ ከባሕር ዳር ተደወለላት። ቅዳሜ ጠዋት ሁሉንም አቶ ታረቀ ግቢ ሰበሰበቻቸው። አራቱ ሽማግሌዎች አግዳሚ ላይ፣ አቶ ታረቀ መደባቸው ላይ፣ ወንድማማቾቹ ከደጃፉ፣ የኔአለም ልጇን አቅፋ ከሁሉም ራቅ ብላ ተቀመጡ።

ፈንታዬ ጋቢውን ለቢያድግልኝ ሰጠችው። «ወንድምህ ጅቡ ሲይዘው እንዴት ለብሶት እንደ ነበር አሳየን። እንዳታሳይ መብት አለህ፤ ዝም ማለትም መብትህ ነው። የምታሳየውና የምትናገረው ማስረጃ ይሆንብሃል።»

«ሴት አስፈራራችው ልባል?» አለና ተነሣ። ጋቢውን እንደ አዘቦቱ፣ ጥለቱን ወደ ታች ለቆ ለበሰው። ደሙ ማጅራቱ ላይ ልክክ አለ። «እዚህ ነው የያዘው» አለ፣ አንገቱን በጣቱ እያሳየ።

«ተባረክ፤ ከዚህ በላይ ሊብራራ አይችልም።» ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። «ይህ ደም የሰው ደም አይደለም። የበግ ይሁን የፍየል ገና አልለዩትም፤ የሰው እንዳልሆነ ግን ትናንት ተነግሮኛል። እንግዲህ ጅብ በግ አርዶ ጋቢ የሚቀባ ከሆነ እናንተው ታውቃላችሁ። እኔ ግን የቀባው ሰው ነው እላለሁ። እንዳላማው ሲለብሰው የት ጋ ደም እንደሚፈስ በሐሳቡ ለክቶ ነው የቀባው። በሞተበት ሐሙስ ዕለት እንዳላማው ጋቢውን እንዴት ለብሶት ነበር? የኔአለም፣ አሳዪን።»

የኔአለም ተነሥታ ጋቢውን ለበሰችው። ቀዩ ጥለት ወጥቶ አንገቷን ከበበ፤ አንድ ጠብታ የለበትም። ደሙ ወገቧ ላይ ወረደ።

«ይኸማ የለቅሶ ነው» አሉ አቶ ታረቀ ዓይናቸውን አጥብበው። «የማን ለቅሶ?»

«የአክስቴ፣ አባባ። ወለተ ሚካኤል ሙታ።»

«ማንም አልነገረኝ።»

«ማንም አይነግርዎትም ነበር፣ አባቴ» አለች ፈንታዬ። «እዚህ ግቢ ሸማኔ ሲሞት ለቅሶ የለም። ጋቢው እጁ ሊገባ የሚችል ሦስት ሰው ነው። ሚስትየዋ ናት ብንል፣ እንዴት ለብሶት እንደ ሄደ ታውቃለች፤ ብትቀባ ጥለቱን ትቀባ ነበር። አበባው ነው ብንል፣ አበባው ደብረ ማርቆስ ነበርሁ ብሎ ዋሽቶኛል። ሐሙስ ዕለት ግን የወለተ ሚካኤልን ቃሬዛ ከተሸከሙት አራት ሰዎች አንዱ እሱ ነው። ከእንዳላማው ጎን ቆሞ ነበር፤ እሱም ጥለቱን አይቷል።»

አበባው ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ለፖሊስ መዋሸቱ አላሳፈረውም፤ የሸማኔ ሬሳ መሸከሙ ታላቅ ወንድሙ ፊት መነገሩ ነው ያሳፈረው።

«ሦስተኛው ሰው ጋቢውን አገኘሁ ብሎ ያመጣው ነው። ያ ሰው ወንድሙ ለምን እንደ ሄደ አልጠየቀም። ቢያድግልኝ፣ አንተን ያስያዘህ ንቀትህ ነው። እንደ ሰው ‹ማን ሞተባችሁ?› ብለህ ብትጠይቅ ኖሮ ጥለቱን ትቀባና እኔም ምናልባት ፈርሜ እሄድ ነበር።»

ቢያድግልኝ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈንታዬን አያት። «ወሬሽን ነው። እንዴት እንደ ለበሰው የሸማኔ ልጅ ለእኔ አትነግረኝም። ከምንጩ ሲታጠብ አጥፎ ድንጋይ ላይ...»

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። 

«ስለ ምንጭ ያነሣ ሰው አልነበረም» አለች ፈንታዬ። ከቀብር መልስ እጅና እግሩን ሊታጠብ ጎንበስ ያለን ሰው ወደ ገደል መግፋት ጉልበት አይጠይቅም፤ ጅቡ የመጣው ኋላ ነው፣ ሳይጠራ የመጣ ጅብ። ቢያድግልኝ አልካደም። ሂዊን በአገጩ እያመለከተ የአያቶቼ መሬት ለሸማኔ ዘር አይሆንም አለ፤ ድምፁ ውስጥ ጸጸት የሚባል አልነበረም። ፈንታዬ የቀረውን ቃሉን ለዳኛ እንዲያቆየው ነግራው ምስጋናውን ካቴናውን አውጣ አለችው። ሳጅኑ ካቴናውን ጣቢያ ረስቶት መጥቷል። በገመድ አሰሩት።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቀስ ብሎ ሊወጣ ተነሣ። «ቁጭ ይበሉ» አለችው። ቤት እናቃጥላለን ብሎ መዛትም ወንጀል ነው አለችና የአራቱንም ስም እስካያት ጻፈች። ሴትዮዋን ጅብ ለማለት የደፈረ አፍ ስሙን ሲጠየቅ ተንሾካሾከ።

አቶ ታረቀ ከመደባቸው አልተነሡም። «እኔስ ምን ላድርግ?»

«ጋቢውን ማን እንዳመጣልዎትና ምን ብሎ እንደ ጠየቀዎት ሰኞ ሮብ ገበያ ፍርድ ቤት ይመስክሩ። ጋቢውን ከእጁ የተቀበሉት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«አንዱን ቀበርሁ። ሌላውን በአፌ እስር ቤት ላስገባው ነው? ያዕቆብ እንኳ ልጆቹን አልከሰሰም።»

«የያዕቆብ ልጅ ግብፅ ነበር፣ አባቴ። የእርስዎ ልጅ ገደል ነው የተገኘ።»

 ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ የኔአለም አዞሩ። ዓይናቸው የት እንዳለች በደንብ ባይለያትም እጃቸውን ዘረጉላት።

«ሰኞ ፍርድ ቤት የሚያደርሰኝ እፈልጋለሁ። ዓይኔን ታውቂዋለሽ። ትመሪኛለሽ?»

የኔአለም እጃቸውን አልያዘችም፤ ቆማ አየቻቸው። «እመራዎታለሁ። ግን በላይኛው መንገድ አልሄድም፣ አባባ። በእኛ ሰፈር በኩል ነው የምንሄደው። አክስቴ ቤት ገብተን ነፍስ ይማር እንላለን።»

አቶ ታረቀ በሰባ ስድስት ዓመታቸው ያን ወንዝ ተሻግረው አያውቁም። «እሺ» አሉ።

«ለቅሶ ቤት ነው፤ እህል ያቀርቡልናል። ይበላሉ።»

ሽማግሌዎቹ ቀና አሉ። ከሸማኔ እጅ እህል ቀምሶ የተመለሰ ሰው በዚያ መንደር አልታየም፤ አቶ ታረቀም ራሳቸው ልጆቻቸውን ሲያሳድጉ ያስተማሩት ይህንኑ ነበር።

«እበላለሁ» አሉ፣ እጃቸው እንደ ተዘረጋ።