መቶ ሃያ ግራም የመዘነው ብርጭቆ

ሃብተሚካኤል ቪላጆ ጀኒዮ ሰፈር ባለው ቤቱ የተልባ ብርጭቆ እንደጨበጠ ሞቶ የተገኘው ዓርብ ጠዋት ነበር። ይኸው ሰኞ ደረሰ፤ መርማሪ እንድርያስ ግን አንድ ቀጥተኛ መልስ የሚሰጠው ሰው አጥቶ አንጀቱ አሯል።

ብርጭቆው ውስጥ ከሜዳ የሚለቀም መርዘኛ ፍሬ፣ አጤፋሪስ፣ ተገኝቷል። ተልባውን ወቅጣ የበጠበጠችው ሠራተኛዋ ብርክቲ ናት። እንድርያስ ራሱ ፈርሞ ያን ዕለት አሳስሯታል፤ ዛሬ ሌላ ነገር ካልተገኘ ወደ ወህኒ ቤት ልትወርድ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ሦስቱን የቤት ሰዎች ሳሎን ሰበሰበ።

«ኣደይ ብርክቲ፣ ስንት ተልባ ወሰዱ?» አለ፣ አሮጊቷን በትግርኛ «እናቴ» ብሎ።

«አንድ ብርጭቆ።»

«በግራም ስንት ነው?»

«ግራም ምን አባቱ ነው ወደይ፣ ልጄ? ብርጭቆ ብርጭቆ ነው!»

«እግዚኦ!» አለ እንድርያስ ግንባሩን ይዞ።

ሟቹ ሠራተኛዬ ትሰርቀኛለች እያለ በጣሳ የተቀመጠውን የተቆላ ተልባ ጠዋት ማታ የሚመዝን ጉደኛ ነበር። ሐሙስ ማታም፣ ዓርብ ጠዋት ተልባው ሳይቀዳም «ስምንት መቶ ግራም» ብሎ ጽፏል። ክብደቱ ልክ ስለነበር ጣሳውን ማንም አልጠረጠረውም። አሁን ስድስት መቶ ሰማንያ ቀርቶታል።

«ምኑ ያስቸግራል?» አለ መድኃኒት ቤት የሚሠራው የሟቹ ወንድም ሩፋኤል። «አንድ ብርጭቆ ተልባ መቶ ስልሳ ግራም ነው። የጎደለው መቶ ሃያ ብቻ። ቀሪውን በመርዝ ሞላችው!»

«ኣይፋልን! በፍጹም!» አለች የሟቹ ሚስት ትበርህ። «በር ላይ ቆሜ አይቻታለሁ። ከጣሳው ጢም አድርጋ ቀድታ በመዳፏ ደለደለችው። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ክዳኑ አልገጥም ብሏት እንኳ ስታማርር ነበር።»

እንድርያስ ቀና አለ። ሦስት ቀን ሙሉ ይህን ሳይጠይቅ! በራሱ ተናደደ።

«ከጣሳው ተልባ ብትወስዱ፣ እንዳይታወቅ በምን ለክታችሁ ትተኩታላችሁ?»

«በብርጭቆ ነዋ» አለች ብርክቲ። ትበርህም ራሷን ነቀነቀች።

«በሚዛን እንጂ!» አለ ሩፋኤል። ወዲያው ፊቱ አመድ መሰለ።

«ብርጭቆው ሙሉ ነበር፤ ግን መቶ ሃያ ብቻ መዘነ» አለ እንድርያስ። «ስለዚህ የተቀዳው ንጹሕ ተልባ አይደለም፤ ከተልባ የቀለለ ነገር አለበት። መርዙ ቀድሞ ጣሳው ውስጥ ነበር ማለት ነው። ተቆልቶ ስለጠቆረ የኣደይ ብርክቲ የደከመ ዓይን አልለየውም። ያስገባው ሰው በወሰደው ተልባ ልክ በግራም ተካ። ቀላል ፍሬ ደግሞ ብዙ ቦታ ይይዛል፤ ብርጭቆ ሙሉ ተቀድቶለት እንኳ ክዳኑ እምቢ አለ። እሷ ብትሆን ብርጭቆ በብርጭቆ ትተካ ነበር፤ ያኔ ዓርብ ጠዋት ሚዛኑ ይጎድላል። በግራም የሚያስበው አንተ ብቻ ነህ፣ ሩፋኤል። የመድኃኒት ቤቱ ሚዛንህ የመርዙ ብናኝ እንዳለበት አሁኑኑ ይመረመራል።»

«አይድከሙ» አለ ሩፋኤል ድምፁ ተሰብሮ። «የአባታችንን ቤት ብቻውን ያዘ። ሃያ ዓመት ለመንኩት።»

ፖሊሶቹ ሲወስዱት እንድርያስ ወደ ብርክቲ ዞረ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ነጻ ነዎት፤ ወደ ቤትዎ ይሂዱ።»

አሮጊቷ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች።

«ትናንት ልጄ ተዳረች፣ ወደይ» አለችው። «እናትሽ የት ናት ሲሏት ምን ብላ መለሰች ይሆን?»