ገጽ ዜሮ

ሽማግሌው የሒሳብ ፕሮፌሰር ጠዋት በቢሯቸው ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። ሐኪሙ «ልባቸው ነው» ብሎ ቦርሳውን ሲያነሳ፣ መርማሪዋ የልብ ኪኒናቸውን ጠርሙስ በመስኮቱ ደፍ ላይ አየችው። ከወንበሩ ስድስት እርምጃ ይርቅ ነበር።

«ይህን መድኃኒት ከአጠገባቸው ያርቁት ነበር?» ብላ እህታቸውን ጠየቀች።

«ሲተኛ እንኳ ከትራሱ ሥር ነው» አሉ እህትየዋ። «ልጄ፣ ወንድሜ ጫማውን አሳስቶ ይወጣ ይሆናል እንጂ ኪኒኑን አይረሳም።»

የቢሮው ቁልፍ በሦስት ሰዎች እጅ ነበር፤ በእህትየዋ፣ በዶክትሬት ተማሪያቸው እና ሠላሳ ዓመት አብረዋቸው በሠሩት ጓደኛቸው። የሁለቱ ወዳጆች ሙያ ነገሮች በስንት ዓይነት መንገድ ሊደረደሩ እንደሚችሉ መቁጠር ነው። በወጣትነታቸው ያገኙት ቀመር እስከ ዛሬ የሚጠራው በሁለቱ ስም ነው። ጓደኛየው ከዚያ ወዲህ የረባ ነገር አልጻፉም፤ ክብራቸውም ዕድሜያቸውም ያ ቀመር ነበር።

ጠረጴዛው ላይ ከአንድ እስከ አሥራ አንድ ቁጥር የተሰጠው አዲስ ጽሑፍ ተቀምጧል።

«ካየሁት ሦስት ቀኔ ነው፤ ይህንንም ጽሑፍ አላየሁትም» አሉ ጓደኛየው። እያለቀሱ ነበር፣ ለቅሷቸውም የእውነት ነበር። መርማሪዋ ግን እንባን ምስክር አድርጋ አታውቅም።

«ተጣልታችሁ ነበር?»

«እግርና እግርም ይጋጫል። ግን ሰው ሠላሳ ዓመት የቆመ ሥራውን በገዛ እጁ ሲያፈርስ፣ ልቡ እንዴት ይቻለው?»

መርማሪዋ ተማሪዋን ዓይኗ ቀልቶ ኮሪደሩ ላይ ቆማ አገኘቻት።

«አሥራ አንድ ወረቀት ነው ያለው። ሙሉ ነው?»

«መጨረሻው አሥራ አንድ ከሆነ አሥራ ሁለት መሆን አለበት» አለች ልጅቷ። «መምህሬ ከዜሮ ነበር የሚጀምሩት። ደረጃ ሲወጡ እንኳ የመጀመሪያውን ‹ዜሮ› ብለው ነው የሚረግጡት።»

«እስቲ እይው። የድሮው ቀመር ስህተት ነው የሚል አለበት?»

ልጅቷ ገጾቹን አንድ በአንድ አነበበች። «የለም። አዲስ ስሌት ነው። ስለ ድሮው አንድ ቃል አልተጻፈም።»

ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ ሦስቱንም በዚያው ቢሮ ሰበሰበቻቸው።

«ኪኒኑ በእግሩ አልሄደም» አለች። «ፕሮፌሰሩ ትናንት ሲያማቸው አንድ ሰው እዚህ ነበር። ሲወጣም አንድ ወረቀት ይዞ ወጥቷል፤ ገጽ ዜሮን። የቀሩት ገጾች ስለ ድሮው ሥራ አያነሱም።» ወደ ጓደኛየው ዞረች። «እርስዎ ግን ‹ሥራውን በገዛ እጁ ሲያፈርስ› አሉኝ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ከየት አወቁት?»

ሰውየው ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ራሱ አነበበልኝ። ‹ተሳስተናል፣ ሐብሉን መገልበጥ ረስተናል› የሚል ነው።»

ተማሪዋ ለእህትየዋ በሹክሹክታ አስረዳቻቸው። የዶቃ ሐብል ቢገለበጥም ያው አንድ ሐብል ነው፤ ቀመሩ ግን ሁለት አድርጎ ቆጥሮታል።

«ከዚያ ደረቱን ያዘ» አሉ ጓደኛየው። «ጠርሙሱ ከእጁ ወድቆ ተንከባለለ፤ አነሳሁት። እጁን ዘረጋልኝ። ‹ስጠኝ› እንኳ አላለም፤ እንደምሰጠው እርግጠኛ ነበር።»

እህትየዋ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

«ወረቀቱስ?»

ጓደኛየው ከደረት ኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። «ላቃጥለው አልቻልኩም፤ የእሱ እጅ ጽሕፈት ነው።»

«ጀርባውን አይተውታል?»

«እሱ በጀርባ አይጽፍም።»

«ትናንት ጽፈዋል» አለች መርማሪዋ ገጽ አንድን ወደ ብርሃኑ አንስታ። ሳይደርቅ የተጫነው የገጽ ዜሮ ጀርባ ቀለም በላዩ ላይ ግልብጥ ፊደል አትሞበት ነበር። «እኔ በመስታወት አንብቤዋለሁ።»

ሰውየው ወረቀቱን ለእህትየዋ ዘረጉ። «አንቺ አንብቢልኝ።»

«አንተው አንብበው» አሉ እህትየዋ። «ጓደኛህ አይደል የጻፈው?»

ጓደኛየው ወረቀቱን ገለበጡት። ጮክ ብለው አነበቡ።

«‹ረስተናል ያልኩት ልማድ ሆኖብኝ ነው። የረሳሁት እኔ ነኝ። ወዳጄ ያኔውኑ፣ መገልበጥ አለበት፣ ብሎኝ ነበር፤ የወጣት ትዕቢት ይዞኝ አልሰማሁትም። ስህተቱ በእኔ ስም፣ እርማቱ በእሱ ስም ይጻፍ።›»

ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«ብዬው ነበር እንዴ?» አሉ። «እኔ እኮ አላስታውስም።»

ያንን የሚያስታውሰው ሰው ከእንግዲህ አይጠየቅም።