መብራቱን ከጎን

ቮልፍራም መጀመሪያ የወደደው መኪናዋን ነው፤ እኔን ቆይቶ ነው። እኔ ግን ገና ጋራዣችን በር ላይ ቆሞ ጫማውን ሦስቴ ሲጠርግ ወደድኩት። የመካኒክ ቤት ሊገባ ጫማውን የሚጠርግ ወንድ አይቼ አላውቅማ!

ቅዳሜ ነበር፤ በእኛ ሠፈር ደጃፍ የሚጠረግበት ቀን። የመጥረጉ ተራ የኛ ስለነበር በአንድ እጄ መጥረጊያ ይዤ ነው የተቀበልኩት።

«አቶ ጎትሎብን ፈልጌ ነበር» አለኝ። «ለጨረታ የምትቀርበውን መኪና ልመረምር ነው የመጣሁት።»

«አባቴ ነው። ይግቡ።»

«እርስዎስ?»

«ልጁ ነኝ፤ ትራውድል ይሉኛል። ሞተሩን የገጠምኩት እኔ ነኝ።»

ምላሴን በቆረጠው! ማን ጠየቀኝ?

መኪናዋ የሃምሳ ሰባት ሥሪት ናት፤ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣራዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ። አባቴ አንድ ገበሬ ጎተራ ውስጥ የዶሮ ኩስ ለብሳ አግኝቷት አሥራ አንድ ዓመት ለፋባት። እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምረው ግን «የሚያውቃት ሰው ይውሰዳት» ብሎ ለሰብሳቢዎች ጨረታ ሊያቀርባት ወሰነ። ለመጣ ለሄደው የሚለው አንድ ነገር ነበር። «ከብሎን እስከ ሞተር የራሷ ነው! ከፋብሪካ ስትወጣ የያዘችው ሞተር ነው ዛሬም ያለው!» ሰብሳቢዎች የሚያብዱትም ለዚህ ነው። ሞተሩ ላይ የተመታው ቁጥር ከመኪናዋ ወረቀት ጋር ከገጠመ ንግሥት ናት። ካልገጠመ ግን ቆንጆ መኪና፣ በቃ።

ቁጥሩ ይገጥማል። የመታሁት እኔ ነኛ!

ቮልፍራም ከመምጣቱ ስድስት ዓመት በፊት፣ በጥር ወር፣ አባቴ ጉልበቱን ሊታከም ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። እኔ ሞተሩን ውሃ ሞልቼ አስነስቼ ሞከርኩት። አባቴ ከአልጋው ላይ ደውሎ «ትራውድል፣ ዛሬ ውርጭ ነው። ውሃውን አፍስሰሻል?» አለኝ።

«አፍስሻለሁ» አልኩት።

አላፈሰስኩም። ጓደኞቼ ዳንስ ልንሄድ ደጅ የመኪና ጥሩምባ እየነፉ ይጠብቁኝ ነበር። ስመለስ አፈስሰዋለሁ ብዬ ነው። ረሳሁት። በማግስቱ ጠዋት ውሃው በረዶ ሆኖ ሞኖብሎኩን፣ ያንን ዋናውን የሞተሩን ብረት፣ ከላይ እስከ ታች ሰንጥቆት አገኘሁት።

ለአባቴ መንገር አቃተኝ። ከሌላ አገር፣ የዚያው ዓመት ሥሪት የሆነ ሞኖብሎክ ፈልጌ አመጣሁ። የራሱን ቁጥር በሞረድ አጠፋሁና የእኛን በመዶሻ መታሁበት። አባቴ ከሆስፒታል ወጥቶ ሞተሩ ሲነሳ «የራሷ ድምፅ!» ብሎ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። የደስታ መሰለው።

ቮልፍራም ሦስት ቀን መረመራት። በመጀመሪያው ቀን ምሳ ላይ አባቴ ምስርና ቋሊማ አቀረበለት። ቮልፍራም የሰሜን ሰው ስለሆነ አባቴ እንደ እኛ አገር ልማድ ምስሩ ላይ ኮምጣጤ ሲደፋ ሲያይ ዓይኑ ፈጠጠ።

«ጨምር እንጂ! ምን ትፈራለህ?» አለው አባቴ። «ሰሜኖች ምግብ ሳይጣፍጣችሁ ነው መሰለኝ እንዲህ የረዘማችሁት።»

ቮልፍራም እንባው እስኪወጣ ሳቀ። በሁለተኛው ቀን አመሻሽ ላይ በፖም ጠጅ ብርጭቋችንን አጋጨንና «ከእንግዲህ አንቺ ልበልሽ?» አለኝ። ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር እኮ! ግን ቀላሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ኮፈኗን ከፍቶ ቁጥሩ ላይ አጎነበሰ።

«ትራውድል፣ መብራቱን ከጎን ያዢልኝ። ብረት ተሞርዶ ከሆነ ከጎን ሲበራበት ያሳብቃል።»

እኔ ከላይ ያዝኩለት።

«ትንሽ ወደ ጎን…»

ትንሽ አዘነበልኩና መልሼ አቀናሁት። መብራቱ ቁጥሩ ላይ ወዲያ ወዲህ አለ። ቀና አለና አየኝ።

«ምን ሆነሻል?»

«በረደኝ።»

ጃኬቱን አውልቆ ትከሻዬ ላይ ጣለልኝ። ከዚያ ወደ ቁጥሩ አልተመለሰም። ዓይኑ እኔ ላይ እንዳለ ኮፈኗን ዘጋና ወረቀቱ ላይ «ሞተሩ የራሷ» ብሎ ጻፈ፤ ፈረመበት።

ከዚያ በኋላ በየእሑዱ ይመጣ ጀመር። ከሠፈራችን በላይ ባለው የወይን እርሻ ተዳፋት በእግር እንሄዳለን፤ ወሬ አያልቅብንም። አንድ እሑድ ቆም አለና «ከጨረታው በኋላ አባትሽን ላናግራቸው ነው» አለኝ። ሌላ ሴት ብትሆን በደስታ ትዘላለች! እኔ ግን ያሰብኩት ፊርማውን ነው። ሙያው ሁሉ ፊርማው ነው፤ እሱ «የራሷ» ካለ ሰው ደግሞ አይጠይቅም። አንድ ቀን ሌላ መርማሪ ከጎን ቢያበራበት የሚዋረደው እሱ ነው። አባቴን አንዴ ዋሽቼ፣ ይህን ሰው ደግሞ መብራት ይዤለት ሸወድኩት። በቀን አሥር ጊዜ ልንገረው እልና አፌ ይተሳሰራል።

የጨረታው ቀን ደረሰ። አዳራሹ ሲሞላ ቮልፍራምን ጎትቼ ከኋላ በር አወጣሁት።

«ሞተሩ የራሷ አይደለም» አልኩት።

ሳቀ። «ምን ትላለሽ? በዓይኔ አይቼው!»

«አላየኸውም። ቁጥሩን የመታሁት እኔ ነኝ። አባቴ ምንም አያውቅም።» ሁሉንም ዘረገፍኩለት፤ ዳንሱንም፣ ውርጩንም፣ ሞረዱንም።

መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ሞተሩ አልነበረም።

«መብራቱን… አውቀሽ ነው?»

«አዎ።»

«ጃኬቴንስ?»

«በርዶኝ አልነበረም፤ ፈርቼ ነው። ቮልፍራም…»

«ተይ» አለኝ። በእጁ ፊቱን አበሰና ወደ ውስጥ ገባ።

ተከትዬው ስገባ መድረኩ ላይ ወጥቷል። ወረቀቱን በእጁ ይዟል፤ ግን አላነበበውም።

«ስለዚህች መኪና የጻፍኩት ስህተት ነው» አለ። «ሞተሩ የተለወጠ ነው። ቁጥሩን በደንብ ማየት ነበረብኝ፤ አላየሁም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

አዳራሹ ተንጫጫ። አንዱ ሰብሳቢ ከኋላ «ይህም መርማሪ ተብሎ!» ሲል ሌላው «ማን ለወጠው ታዲያ?» ብሎ ጮኸ። አባቴ ከፊት ረድፍ ተነሥቶ «ውሸት ነው! የራሷ ነው!» አለ። ቮልፍራም አባቴን አየና ወረቀቱን አጠፈ። እኔን አላየኝም። ስሜን ሊጠራ እንደማይችል ገባኝ። ሁሉንም ተሸክሞ ሊወርድ ነው!

«እኔ ነኝ!» አልኩ። ድምፄ የኔ አልመሰለኝም። «አባዬ፣ ያን ቀን ውሃውን አላፈሰስኩትም። የራሷ ሞተር ተሰነጠቀ። የለወጥኩት እኔ ነኝ። እሱ እንዳያይ መብራቱን ያጣመምኩትም እኔ ነኝ።»

አባቴ ቀስ ብሎ ባርኔጣውን አደረገና ወጣ። ያኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከፊት የተቀመጡት ወይዘሮ ኦተን የሚባሉ አሮጊት ሰብሳቢ ዞረው አዩኝ። «የተሰነጠቀውን ጣልሽው?»

«አልጣልኩትም። ምድር ቤት፣ ድንች ስር ነው።»

ሰው ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ከእሱ ጋር ከሆነ እገዛታለሁ» አሉ። «ተሰነጠቀም አልተሰነጠቀ የራሷ ነው።» አባቴ በጠበቀው ዋጋ ግማሽ ነው የወሰዷት።

ቮልፍራም ሳይሰናበተኝ ሄደ። የመርማሪነት ፈቃዱን ራሱ መልሶ ለአንድ ዓመት ሥራ እንዳቆመ የሰማሁት ከሰው ነው። አባቴ ሦስት ሳምንት አላናገረኝም። ሾርባ አቀርብለታለሁ፤ ይበላል፤ ይነሳል። በሦስተኛው ሳምንት ማብቂያ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ስድስት ዓመት ሙሉ ድንቼ ስር?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«እኔ እኮ ያን ድንች ስበላ ኖሬያለሁ» አለና እየሳቀ አለቀሰ። እግሩ ስር ተንበርክኬ እጁን ሳምኩት። የሚንቀጠቀጠውን እጁን ራሴ ላይ አደረገልኝ።

በታኅሣሥ የመጀመሪያው ውርጭ የመጣ ዕለት፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ጋራዡ በር ላይ አንድ ሰው ጫማውን ሲጠርግ ሰማሁ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። መፍቻዬን አስቀመጥኩ።

«ዛሬ ውርጭ ነው» አለ ቮልፍራም።

«አውቃለሁ።»

ዓይኑን አንድ ደንበኛ ለጥገና ወደ ተወው አሮጌ መኪና ላከ። «ውሃውን አፍስሰሻል?»

«አፍስሻለሁ።»

«ልየው።»

ከመኪናው ስር ገባ። የውሃ መውረጃ ቧንቧውን ከፍቶ መዳፉን ከሥሩ ዘረጋ። ጠብ የሚል የለም። እዚያው ተኝቶ «ልጠላሽ ሞክሬ ነበር» አለኝ። «አልሆነልኝም። ማመኑ ግን ጊዜ ይፈልጋል፣ ትራውድል።»

«እጠብቃለሁ» አልኩት።

ይኸው ከተጋባን አሥራ ዘጠኝ ዓመታችን ነው። ሁለት ልጆች ወልደናል፤ አባቴንም አብረን ቀብረናል። ይወደኛል፤ ይህን አልጠራጠርም። ግን ውርጭ በመጣ ቁጥር «አፍስሰሻል?» ይለኛል። «አፍስሻለሁ» እለዋለሁ። ተነሥቶ ጃኬቱን ይለብስና ሊያይ ይወጣል። «አሁንስ እመነኝ እንጂ!» ለማለት ቃሉ አፌ ድረስ ይመጣና እውጠዋለሁ። ምን አፍ አለኝ? መብራቱን አንሥቼ ተከትዬው እወጣለሁ። ሳይለኝ ከጎን እይዝለታለሁ።