በቀን አንድ ክኒን

ብርቅዬ ማክሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣች። ፊቷን ታጠበች፤ ዳቦ በማር በላች፤ ከመሳቢያዋ ትንሽ የወረቀት ፖስታ አውጥታ አንድ ክኒን በውሃ ዋጠች። ያረመቻቸውን የስድስተኛ ክፍል የሒሳብ ፈተናዎች በፌስታል ይዛ ባጃጅ ተሳፈረች። ሦስት ሰዓት ላይ ሰሌዳው ላይ እየጻፈች ሳለ ትንፋሽ አጠራትና ወደቀች። ሆስፒታል ከመድረሷ በፊት አረፈች። ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነበር።

በማግስቱ ለቀብር ሲዘጋጁ ወንድሟ ከፈለኝ ከአዲስ አበባ ደረሰ። ከለቅሶው ድንኳን በፊት የሄደው ቦንጋ ፖሊስ ጣቢያ ነው።

«እህቴን መርዘዋታል» አለ። «አማቷ ከገጠር፣ ከደካ፣ ከመጣች ስምንት ወሯ ነው። ከዚያ ወዲህ ነው የከሳችው። ያመጣችላትን ማርም መርምሩልኝ።»

ጉዳዩ ለምክትል ኢንስፔክተር ምሥራቅ ተሰጠ። ቀብሩ ቆመ፤ አስከሬኑ ጅማ ተልኮ ተመረመረ። ማሩ ንጹሕ ነበር፤ መርዝም አልተገኘም። ከአራት ዓመት በፊት ከጡቷ በቀዶ ሕክምና የወጣው ካንሰር ግን ሳንባዋና ጉበቷ ውስጥ ነበር። ምሥራቅ ለሐኪሙ ደወለች።

«ድና አልነበር እንዴ?»

«ጠፋ ማለት አለቀ ማለት አይደለም። ካንሰሩ የሚያድግበትን በር የሚዘጋ ክኒን አሥር ዓመት እንድትወስድ የታዘዘላት ለዚህ ነው። አቋርጣዋለች መሰለኝ።»

«በየቀኑ ትውጥ ነበር።»

«እንግዲያው የምትውጠውን እዩት።»

ምሥራቅ ፖስታውን ይዛ መድኃኒቱን ለብርቅዬ ይሸጥላት ወደነበረው ወደ ገብረወልድ ሄደች። ሽማግሌው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ።

«ይኼ የኔ አይደለም። የኔ ለስላሳ ነው፤ ይኼ መሐሉ ላይ መስመር አለው። ቫይታሚን ነው። አንቺም ከስተሻል፣ ብትወስጂው አይጎዳሽም።»

«ጋሽ ገብረወልድ፣ ሰው ሞቷል። ፖስታውስ?»

«የኔ ነው። ‹በቀን 1› የሚለውም ጽሕፈቴ ነው። እኔ ግን አፉን በስቴፕለር ነው የምመታው፤ ቀዳዳው ይኸው። እንዲህ ያጠፈው ሌላ ሰው ነው።»

የፖስታው አፍ ሁለት ጊዜ ታጥፎ ጥጉ ወደ ውስጥ ተሸጉጧል።

«መልኩ ሲለወጥ እንዴት አልጠየቀችህም?»

«አስመጪው በተለወጠ ቁጥር ይለወጣላ! አምና ክብ፣ ዘንድሮ ሞላላ። ለምዳዋለች። በየወሩ ሳታዛንፍ መጥታ ትወስድ ነበር። የምን መድኃኒት እንደሆነ ግን ለማንም እንዳልናገር አስምላኛለች።»

የብርቅዬ ባል ቢሻው የዞኑ ግብርና መምሪያ ባለሙያ ነው። ቤቱ ውስጥ ከእሱ ሌላ እናቱ ባፈናና እህቱ ህይወት ይኖራሉ። ምሥራቅ ሦስቱንም ለየብቻ አነጋገረች።

«ክኒኑን ታውቀዋለህ?» አለችው ቢሻውን።

«የጤና ነው» አለና እናቱ ወዳለችበት ክፍል በር ተመለከተ።

ባፈና ነጠላዋን አጥብቃ አስራ ጠበቀቻት። «ከተጋቡ ስድስት ዓመት! አንድ ልጅ የለም። ዛሬ ክኒን፣ ነገም ክኒን። ክኒን የጠገበ ሆድ ምን ይይዛል? አንቺ ወልደሻል?»

«ሁለት።»

«እንግዲህ ይገባሻል።»

ህይወት የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ጤና ኬላዋ ውስጥ መዝገቧን ራሷ ገልጣ አሳየቻት። በብርቅዬ ስም ትይዩ «የቤተሰብ ምጣኔ ተጠቃሚ» ተብሎ ተጽፏል።

«ራሷ ናት የነገረችሽ?»

«ጋሼ ቢሻው ነው የነገረን።»

ወሬያቸውን አንዲት ጎረቤት ልጅ አዝላ ገብታ አቋረጠችው። የልጁን ተቅማጥ ነገረቻት። ህይወት ጥቂት ክኒን ከብልቃጥ አፈሰሰች፤ ከደብተር ቀድዳ ጠቀለለች፤ ሁለት ጊዜ አጠፈችና ጥጉን ወደ ውስጥ ሸጎጠች። ጤና ኬላው ስቴፕለር ኖሮት አያውቅም።

በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ምሥራቅ ሁሉንም በቢሻው ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ገብረወልድ በሩ አጠገብ፣ ከፈለኝ መስኮቱ ሥር ቆሙ።

«ነገ መዝገቡን ለዐቃቤ ሕግ አቀርባለሁ» አለች። «ከፈለኝ አንድ ስም ይፈልጋል። አንድ ሰው የብርቅዬን ክኒን በቫይታሚን ለውጧል። ጠላት ነው እንዳልል፣ ጠላት ቫይታሚን አይሰጥም። ይህን ያደረገ ሰው የቀድሞው ክኒን ይጎዳታል ብሎ ያመነ ነው። ስለዚህ በሽታዋን አያውቅም። ከፈለኝ ያውቃል፤ አዲስ አበባ ወስዶ ያሳከማት እሱ ነው። ጋሽ ገብረወልድ ያውቃል። ቢሻውም ባሏ ነው፤ ያውቃል።»

«የምን በሽታ?» አለች ባፈና።

ምሥራቅ ቀጠለች።

«የቀሩት ሁለት ናቸው። ፖስታው የታጠፈው ደግሞ መድኃኒት በየቀኑ እያጠፈ በሚሰጥ እጅ ነው። ህይወት?»

ህይወት ሁለት እጇን ከጭኗ ሥር ደበቀች። «እናቴ አለቀሰችብኝ። የወሊድ መከላከያውን ትተው እንጂ ምን ትሆናለች ብዬ ነው። ቫይታሚኑ ለእርግዝናም ጥሩ ነው ብዬ… ምን ነበር ግን? የምን ክኒን ነበር?»

«የካንሰር» አለ ከፈለኝ። «የጡት ካንሰር! አንቺ ሐኪም ተብዬ!»

ባፈና ወደ ልጇ ዞረች። «ቢሻው፣ ምን ይላል ይኼ ሰው?»

«ለምን መከላከያ ነው አልካቸው?» አለች ምሥራቅ።

ቢሻው ወለሉን እያየ ተናገረ። «እናቴ ልጅ የታለ እያለች ስትጨቀጭቀኝ ነው። ካንሰር ብላት ተዋት ትለኛለች። እሷ ናት ያልፈለገችው አልኩ። ያልፋል ብዬ ነው።»

«እንዲህ ማለትህን ብርቅዬ ታውቅ ነበር?»

«አታውቅም።»

«በስምንት ወር ውስጥ ስታስልስ?»

«ብርድ ነው አለችኝ። እኔም ብርድ ነው አልኩ።»

ከፈለኝ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። «ክኒኑን ብትወስድ ኖሮ ትኖር ነበር፣ አይደል? ይህን ጻፊልኝ!»

«ሐኪሙን ጠየቅሁት» አለች ምሥራቅ። «አልምልም አለኝ። እየወሰዱትም የሚመለስባቸው አሉ። ዕድሏን እንደቀነሱባት ግን ይናገራል።»

«ዕድል የሚቀንስ ሰው በስንተኛው አንቀጽ ነው የሚታሰረው?»

ምሥራቅ ይህን ጥያቄ ከትናንት ጀምራ ራሷን ስትጠይቅ ነበር።

ማታውን መዝገቡን አዘጋጀች። በህይወት ስም ያለ ሐኪም ትእዛዝ መድኃኒት መለወጥ ብላ ጻፈች። በቢሻው ስም የምትጽፈው አንቀጽ ፈለገች፤ የሕግ መጽሐፉን ሁለት ጊዜ አገላብጣ አላገኘችም። ውሸቱን እንዳለ፣ እሱ በተናገረው ቃል፣ ከሐተታው ውስጥ አስገባችው። ዐቃቤ ሕጉ የቀረውን ይወስን።

መዝገቡ ላይ የቢሻው፣ የባፈና፣ የህይወት፣ የከፈለኝና የገብረወልድ ቃል ተያይዟል። የብርቅዬ ቃል የለም።