ደረጃ ሦስት፣ ሆዳሙ

«ወንድሜ አፈር ሳይለብስ የገደለውን ሰው ማወቅ አለብኝ» አለች የሟቹ እህት። አላለቀሰችም። «ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። እስከዚያ ይንገሩኝ።»

ኢንስፔክተሩ ሰዓቱን አየ። ሦስት ተኩል ሆኗል።

ሟቹ የቼዝ ማሽን የሚሠራ ፕሮግራመር ነበር። ትናንት አመሻሽ ላይ እህቱ ምሳ ዕቃውን ልትወስድ ስትመጣ፣ ወርክሾፑ ውስጥ ከመሰላሉ ሥር በግንባሩ ተደፍቶ አገኘችው። ማጅራቱ ተፈንክቶ ነበር።

«አደጋ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?» አለ ሸሪኩ ሻጩ፣ ላቡን እየጠረገ። «ብቻውን ሲጫወት ቆይቶ ዕቃ ሊያወርድ ወጣ፣ ወደቀ። ጨዋታው ይኸው፣ ስክሪኑ ላይ አለ።»

እውነትም ነበር። ከማሽኑ ጋር በከባዱ ደረጃ የተደረገ ጨዋታ፤ ስምንት ከአርባ ተጀምሮ ዘጠኝ ተኩል ላይ አልቋል። ሰውየው ተሸንፏል። ኢንስፔክተሩ ግን ዓይኑ ያረፈው ኪቦርዱ አጠገብ በሥርዓት ታጥፎ በተቀመጠ መነጽር ላይ ነው።

«ያለ መነጽር መሰላል ይወጣ ነበር?»

«ያለ መነጽር ጫማውንም አያገኝም!» አለች እህቱ። «የሚያወልቀው ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ ብቻ ነው። ልጅ ሆነን የእማዬን ብርጭቆ ሲሰብር እንኳ፣ መጀመሪያ መነጽሩን ያወልቅና ነው የሚናዘዘው። የተቀየመ ፊት ማየት አይችልም ነበር።»

የወርክሾፑ ቁልፍ ከሟቹ ሌላ ሦስት ሰዎች ዘንድ ነበር፤ ሻጩ፣ ማሽኖቹን የምትገጣጥመው ቴክኒሻን፣ እና ሟቹን ከልጅነቱ ጀምሮ ቼዝ ያስተማሩት መምህር።

«እኔ ፈረሱን ከንግሥቲቱ አልለይም» አለ ሻጩ። «ሰው ምን እንደሚገዛ ግን አውቃለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ማሽኖቻችን ሻምፒዮን ያሸንፉ ነበር። ማን ገዛቸው? የትኛው አባት ነው ልጁ ፊት በዕቃ መሸነፍ የሚፈልግ? ‹መሸነፍ የሚችል ሥራልኝ፤ ደደብ ሳይሆን እንደ ሰው የሚሳሳት› አልኩት። ሆዳሙን ይዞ መጣ። ከዚያ በኋላማ ማምረት አቃተን።»

ሆዳሙ የማሽኑ ሦስተኛ ደረጃ ነው። አምሮ ይጫወታል፤ ሊያሸንፍ ሲል ግን ንግሥቲቱን ሩቅ ልኮ ጥግ ላይ የቀረች ወታደር ያስበላታል። እዚያው ትያዛለች። ልጆች በደስታ ይጮሃሉ።

መምህሩን ክለባቸው ውስጥ ጠጠሮቹን በጨርቅ ሲወለውሉ አገኛቸው።

«ወርክሾፑን ከረገጥኩ ወር አልፎኛል» አሉ። «ያ ልጅ… እኔ ነበርኩ መቅደም የነበረብኝ።»

«ማሽኑን እንዴት ያዩታል?»

«ጎበዝ ነው። ሌባም ነው። ፈረሱን በነፃ ይሰጥህና፣ በላሁ ብለህ ደስ ሲልህ ያንቅሃል።»

«ሆዳሙስ?»

የመምህሩ እጅ ቆመ። «እሱን ልጆች ይጫወቱት» አሉ።

ቴክኒሻኗ ዓይኗ በለቅሶ አብጦ ነበር። «አዲሱን ፕሮግራም ትናንት ስምንት ሰዓት ላይ ጭኜ ወጣሁ። ጫኚው ያለኝ እሱ ነው። ከሁለታችን በቀር ያየው የለም።»

«ምን አዲስ ነገር አለው?»

«ከባዱ ደረጃ ፈረሱን በነፃ እየሰጠ ማጥመድ ጀመረ። ‹ተው፣ ሰው ታናድዳለህ› ብዬው ሳቀብኝ።»

ኢንስፔክተሩ ወደ ወርክሾፑ ተመለሰ። ከሟቹ መደርደሪያ ላይ ያረጁ ደብተሮች አውርዶ፣ እስከ ስምንት ሰዓት ሲያገላብጥ ቆየ። ከዚያ እህቱንና ሦስቱን ባለቁልፎች ጠራቸው።

«መነጽሩን አውልቋል» ብሎ ጀመረ። «ስለዚህ ብቻውን አልነበረም፤ ይቅርታ እየጠየቀ ነበር። ፊቱን ሲያዞር ከኋላ ተመታ። መሰላሉን ያስደገፈው ሌላ ሰው ነው።»

«ጨዋታውስ?» አለ ሻጩ።

«የተጫወተው ገዳዩ ነው። እያሸነፈ ሳለ ንግሥቲቱን ሩቅ ልኮ ወታደር አስበላት፣ ተያዘች። ሟቹ ይህን ስህተት ለማሽኑ ያስተማረ ሰው ነው፤ በእንቅልፍ ልቡም አይሠራውም። እርስዎ ደግሞ ጠጠሮቹን እንኳ አይለዩም።» ደብተሮቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፋቸው። «እዚህ የተመዘገቡ መቶ አሥራ ሁለት ሽንፈቶች፣ ሁሉም በአንድ ሰው እጅ ጽሕፈት። በሰባ አንዱ ንግሥቲቱ የተያዘችው እንዲሁ ነው። መምህር፣ ፈረስ በነፃ የሚሰጠው ማሽን የተወለደው ትናንት ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ወር ሙሉ ካልመጡ የት አዩት?»

መምህሩ ከደብተሮቹ አንዱን አንሥተው ከደኑት።

«ደብተሮቹን የሰጠሁት ማሽኑ ስህተቴን እንዲያሳየኝ ነበር» አሉ። «ለማንም ያላሳየሁትን ሽንፈቴን። እሱ ስም አወጣለትና ካርቶን ውስጥ ከቶ ሸጠው። ባለፈው ሳምንት አንዲት የሰባት ዓመት ተማሪዬ ‹መምህር፣ እንደ ሆዳሙ እኮ ነው የሚጫወቱት!› አለችኝ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ።»

«ይቅርታ ጠይቆዎት ነበር።»

«ጠየቀኝ። ከዚያ አዲሱን ካርቶን ሊያሳየኝ ዞረ። ሆዳሙ የሚለው አሁንም ተጽፎበታል።»

«ከመቱት በኋላ ለምን አልሄዱም? ሬሳ አጠገብ ሃምሳ ደቂቃ?»

«ላሸንፈው ፈለግሁ» አሉ መምህሩ። «አንዴ እንኳ።»

እጃቸው በካቴና ሲታሰር ወደ እህቱ ዞሩ። «ልጄ፣ ምሕረት አልለምንሽም። ሆዳሙን ብቻ አስጠፊልኝ።»

ከሕፃንነቷ ጀምሮ «ጋሼ» ስትላቸው የኖረችው ሴት መጀመሪያ ያየችው ሻጩን ነው። «ወራሹ እኔ ነኝ አይደል?»

ሻጩ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«አይጠፋም» አለች ወደ መምህሩ ዞራ። «አንተ እዚያ ተቀመጥ፤ ልጆች በየቤቱ እያሸነፉህ ይሳቁ።» እንደገና ወደ ሻጩ ዞረች። «ካርቶኑ ላይ ሆዳሙ የሚለውን አንሣውና የዚህን ሰው ስም ከነአባቱ ጻፍበት።»

ጥቁር ሻርፗን አጥብቃ አሰረች። ለዘጠኝ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር። ማንንም ሳትጠብቅ ወንድሟን ልትቀብር ወጣች።